የዓይን ማረፊያ

ባለፈው ሳምንት ለኢቃማዬ ማደሻ ፎቶግራፍ ልነሣ ሳሃፋ ሰፈር ሄጄ ነበር። ኢቃማ የመኖሪያ ፈቃዳችን ነው፤ እኔም ካገኘሁት ወዲህ እንደ ብዙው የካርቱም ሐበሻ ዕድሜዬን ያሳለፍኩት እሱን በማደስ ነው። ጦርነቱ ከከተማው ፈቀቅ ካለ ወዲህ የሰፈሩ ሱቆች አንድ በአንድ መከፈት ጀምረዋል፤ አንዳንዱ መዝጊያው በጥይት ተበሳስቶ ወንፊት እንደመሰለ፣ አንዳንዱ አዲስ ቀለም ተቀብቶ። ፎቶ ቤቱ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ጠባብ ክፍል ነው። ፎቶ አንሺው በእኔ ዕድሜ ያለ፣ ጨዋታ የሚወድ ሱዳናዊ ነው። አንሥቶኝ ሲያበቃ ኮምፒውተሩ ላይ ጎንበስ ብሎ ቆየና ማያውን ወደ እኔ አዞረው።

«እዪማ ያ ኡኽቲ፣ እህቴ፣ እንዴት አድርጌ እንዳሳመርኩሽ!»

ከግራ ጆሮዬ ሥር ተነሥቶ፣ ጉንጬን አልብሶ እስከ አንገቴ የሚወርደው የቃጠሎ ጠባሳ የለም። በቦታው እንደታጠበ ብርጭቆ የሚያበራ ልሙጥ ቆዳ ተለጥፎበታል። የማላውቃት ሴት ፈገግ ብላ ታየኛለች።

«መልሰው» አልኩት።

«ምኑን?»

«ጠባሳዬን።»

የቀለድኩ መስሎት ሳቀ። ሰው ሁሉ አጥፋልኝ ብሎ እንደሚለምነው፣ መልስልኝ ያለው ግን እስካሁን እንዳልገጠመው ነገረኝ። «የኢቃማው መኮንን እኔ መሆኔን ካላወቀ ፎቶው ምን ይጠቅመኛል?» ስለው፣ «ማሌሽ፣ ማሌሽ» እያለ፣ ይቅርታ እየጠየቀኝ፣ ጠባሳዬን መለሰልኝ።

ወደምኖርበት ሰፈር ወደ አርካዊት ስመለስ ባለ ሦስት እግሩን ርክሻ አልያዝኩም። ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ አቧራው ጥርስ ላይ ይንቀጫቀጫል፤ ግን መራመድ አማረኝ። እግሬ ወደ ፊት ሲሄድ ሐሳቤ ወደ ኋላ ሄደ፤ ያንን ጠባሳ ከማንም አብልጦ ወዳጠናው ሰው፣ ወደ መምህር ይትባረክ።

ያኔ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ትምህርት ቤታችን የሐበሻ ወላጆች አዋጥተው የተከራዩት ግቢ ነበር፤ ሳሎኑ ለእኛ መማሪያ ክፍል ሆኖ፣ ማድ ቤቱ የመምህራን ቢሮ ሆኖ። እናቴ አርካዊት ውስጥ አንድ ጎዳና ዳር፣ ኒም ዛፍ ሥር ተቀምጣ ሻይ ትሸጣለች። እንደ እሷ ያሉትን ሴቶች ሱዳኖች ሲት ሻይ ይሏቸዋል። ጧት ጧት ልጌማት ትጠብሳለች፤ ዘይት ውስጥ የሚነፋ ክብ ሊጥ ነው፤ ስኳር ነስንሳ በወረቀት ጠቅልላ ታስይዘኛለች። ክፍል ስገባ ወረቀቱ በዘይት ርሶ ብርሃን ያሳልፋል። ዛሬም የዚያን ዘመን ጧት ሳስብ መጀመሪያ የሚመጣልኝ ይህ ሽታ ነው።

መምህር ይትባረክ ሃያዎቹን ሊጨርስ የተቃረበ፣ ቀጭን፣ ሁልጊዜ እጁ ቀለም የነካው ሰው ነበር። አዲስ አበባ ሥዕል ተምሮ፣ ወደ ሊቢያ ሊሻገር ካርቱም ደረሰ። አንድ ጊዜ ሞክሮ በረሃው መልሶታል። አብረውት ከተጫኑት እነማን እንደቀሩ ሲጠየቅ ወሬ ይለውጥ ነበር። ጧት ጧት ኦምዱርማን ገበያ እየሄደ የሱቅ ማስታወቂያ ይጽፋል። ዐረብኛ ማንበብ አይችልም፤ ፊደሉን እንደ ሥዕል እያየ ነው የሚገለብጠው። «የጻፍኩት ምን እንደሚል አላውቅም፤ ግን ከሚያውቁት አሳምሬ እጽፈዋለሁ» ይል ነበር። እኛን ያስተማረን ለጊዜው ነው፤ ጉዞው እስኪሳካለት ድረስ።

እንዲህ ያለ መምህር አይተን አናውቅም ነበር። ቀለም መግዣ አቅም ስላልነበረን ቀለም ከቤታችን እንድናመጣ አዘዘን። ከርከዴ፣ ሱዳኖች ቀቅለው የሚጠጡትን አበባ፣ ቀቅለን ቀይ አወጣን፤ ወረቀት ላይ ሲደርቅ ወደ ወይን ጠጅ ይሄዳል። ጠቆር ያለ ሻይ ቡኒ ሆነልን፤ እርድ ብጫ። ልብስ የሚያነጡበትን ዘህራ በውሃ በጥብጠን ሰማያዊ አገኘን። እኔ ከእናቴ ምድጃ ከሰል አመጣሁ። መምህሩ በጣቱ አሽቶ ወረቀቱ ላይ አሻሸውና፣ «ከሁሉም የከበደው ይሄ ነው» አለ። «ከሰል ሐሰት አይወድም። አጥብቀሽ ከያዝሽው ይሰበራል፣ ካላላሽው ይበናል።» ከዚያ ቀን ጀምሮ የሥዕል ቀን እስኪደርስ እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር።

ስለ መስመር፣ ስለ ሚዛን፣ ስለ ተቃርኖ፣ ስለ ምት አስተማረን። ምት የሚያስተምረው በመስኮቱ ብረት ጥላ ነው፤ ሚዛን የሚያስተምረው በአናቷ ሳፋ ተሸክማ በምታልፍ ሴት። በዚህ ሁሉ መካከል ግን አንድ ክፉ ነገር ነበረው። ያልወደደውን ሥዕል ገልብጦ ይሰቅልና ክፍሉን ይጠይቃል፦ «ይሄ ምንድን ነው? የሰከረ አህያ ነው ወይስ የሳለው ልጅ አባት?» ክፍሉ በሳቅ ይናጣል። ሳቁ ያረፈበት ልጅ ብቻ ነው የማይስቀው። ሳቅ እንዲህ ነው መሰለኝ፤ በሌላው ላይ ሲሆን ሙቀት አለው።

እኔ የምቀመጠው ግራ ጎኔን ወደ ግድግዳው አስጠግቼ ነው። በላዩ ላይ ጠርሃ፣ የሱዳን ልጃገረዶች የሚከናነቡትን ሻሽ፣ ጉንጬ ድረስ አወርዳለሁ። ሙስሊም የምመስለው ሰው ነበር፤ እኔ ግን የምሸፍነው ፀጉሬን አልነበረም። አጠገቤ የምትቀመጠው ሉላ ናት። ሉላ እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ አማርኛዋ በዐረብኛ የተቀየጠ፣ ሰው የማትፈራ ልጅ ነበረች። ስለ ጠባሳዬ አንድም ቀን ጠይቃኝ አታውቅም፤ ለዚህም እወዳት ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሃቡብ ተነሣ። ሃቡብን ያላየ ሰው የአቧራ ነፋስ ብዬ ብነግረው አይገባውም፤ ከሰማይ ጫፍ እንደ ቀይ ግንብ ተነሥቶ የሚመጣ ጨለማ ነው። ሲያልፍ ሁሉ ነገር አንድ ቀለም ሆኖ ይቀራል፤ ወንበሩም፣ ደብተሩም፣ ሰውም። መምህር ይትባረክ ሰሌዳውን በክንዱ ጠረገና፣ ሐሳቡን ለውጦ ጠመኔውን አስቀመጠ።

«ዛሬ ስለ ትኩረት ነው። በአንድ ሥዕል ላይ ዓይን መጀመሪያ የሚያርፍበት ቦታ አለ። የዓይን ማረፊያ ይባላል። ለዚህ ሰሌዳ አያስፈልገኝም። ትርንጎ፣ ነይ።»

ስሜ ትርንጎ ነው። ሥዕሌን ሊያሳይልኝ መስሎኝ እየፈገግኩ ተነሣሁ። ወንበር አምጥቶ ፊት ለፊት አስቀመጠኝ።

«ጠርሃውን አውርጂው።»

አልተንቀሳቀስኩም። ጎንበስ ብሎ፣ ቀስ ባለ ድምፅ፣ «ለትምህርት ነው። እኔን አታምኚኝም?» አለኝ።

አምነው ነበር። አወረድኩት።

«ሁላችሁም ዓይናችሁን ጨፍኑ። አሁን ግለጡ። መጀመሪያ የት አረፈ?»

 ከኋላ አንድ ልጅ፣ «ጉንጯ ላይ» አለ።

«ጎበዝ። ለምን?»

እየቆየ ድፍረት አገኙ። አንዱ «ቀለሙ ከሌላው ቆዳዋ ስለሚነጣ» አለ። «ተቃርኖ!» አለ መምህሩ። ሌላዋ «የተጨማደደ ስለሆነ» አለች። «ሸካራነት!» አለ። «ዳርቻው ስለተቆራረጠ።» «ቅርጽ! በጣም ጥሩ!» እጅ በእጅ ላይ ይነሣል። ከዚያ በፊት እጁን አንሥቶ የማያውቅ ልጅ እንኳ ያን ቀን መለሰ። መምህሩ በማስመሪያ እየጠቆመ ከጆሮዬ እስከ አንገቴ አስጎበኛቸው። የማስመሪያው ጫፍ አልነካኝም፤ ሽውታው ግን ይሰማኝ ነበር።

«አሁን ልብ በሉ» አለ መጨረሻ ላይ። «ይህች ልጅ ፊቷ ባይቃጠል ኖሮ ማንም ዞር ብሎ የማያያት ተራ ልጅ ነበረች። አሁን ግን ክፍሉን በሙሉ ይዛለች። ትኩረት ማለት ይህ ነው።»

ሉላ ተነሥታ ጠረጴዛውን መታች። «ኡስታዝ፣ ይሄ ዐይብ ነው፣ ነውር ነው! ወላሂ ዐይብ!»

«ዐይቡን ለጎረቤቶችሽ ተዪው» አላት ሳይቆጣ። «የሠዓሊ ዓይን አያፍርም። ተቀመጪ፤ ወረቀት አውጡ፤ ሣሏት።»

ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ ሣሉኝ። የከሰሉ መፋቂያ ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ፤ አይጥ ሣጥን ስትቆረጥም ይመስላል። አላለቀስኩም። ማልቀስ የፈለግኩት በኋላ፣ ጠርሃዬን መልሼ ስከናነብ ነው፤ ያኔ ግን ምንም የምሸፍነው ነገር እንዳልቀረኝ ገባኝ።

በማግስቱ ስሜ ተቀየረ። «ማረፊያ መጣች» ይሉኝ ጀመር። የታች ክፍል ልጆች ለምን እንደሆነ ሳያውቁ ተቀበሉት። ለእናቴ አልነገርኳትም። የምትሰማው ስለ ጠባሳው ከሆነ ፊቷ እንዴት እንደሚሆን አውቃለሁ። እንዴት እንደተቃጠልኩ ለማንም ተናግራ አታውቅም፤ ለእኔም ቢሆን «ሕፃን ሳለሽ ነው» ከማለት አልፋ አታውቅም።

የትምህርቱ ዓመት ሊያልቅ ሲል፣ ከዝናቡ በፊት ያለው ሙቀት ሰውን እንደ ዳቦ በሚጋግርበት ወር፣ በግቢው የተማሪዎች የሥዕል ትርኢት ተዘጋጀ። ወላጆች መጡ፤ የትምህርት ቤቱ ኮሚቴ ሽማግሌዎችም መጡ። ሳምቡሳ ቀረበ፤ ከርከዴ በበረዶ ተቀዳ። የእኔ የዘህራና የሻይ ሥዕሎች በአንድ ጥግ ተሰቅለው ነበር። በትልቁ ግድግዳ ላይ ግን በአንሶላ የተሸፈነ ነገር አለ። ሰው ሲሰበሰብ መምህር ይትባረክ አንሶላውን ሳበው።

እኔ ነኝ። በተገጣጠመ ወረቀት ላይ፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ፣ በከሰል የተሣለ ፊት። ፀጉሬን፣ ቀኝ ዓይኔን፣ ትከሻዬን በጥቂት ቀጫጭን መስመር አልፏቸዋል፤ እንደሌሉ ያህል። ጠባሳው ላይ ግን ያለውን ጥበብ ሁሉ አፍስሶበታል። እያንዳንዱ ሽብሽባት፣ ቆዳው ተጎትቶ ጆሮዬን ዝቅ ያደረገበት ቦታ፣ አንገቴ ላይ እንደ ሥር የሚሰራጨው ክር፣ አንዱም አልቀረም። ከሥር በካርድ ላይ «የዓይን ማረፊያ» ይላል።

ሥዕሉ ውብ ነበር።  አስቀያሚ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ሽማግሌዎቹ «እጅህ ይባረክ» አሉት። ሴቶቹ ሥዕሉን ያዩና እኔን ያያሉ፤ እኔን ያዩና ሥዕሉን ያያሉ።

እናቴ ዘግይታ፣ ከሥራዋ በቀጥታ መጣች። ቶቧን፣ የሱዳን ሴቶች የሚለብሱትን ረጅም መጎናጸፊያ፣ በችኮላ ተጠቅልላ፣ ጣቶቿ ከሰል እንደነካቸው ነው። ከሥዕሉ ፊት ቆመች። ሰው ገለል አለላት።

«ይህን እንዲሥል አንቺ ፈቀድሽለት?» አለችኝ በሹክሹክታ።

«አልጠየቀኝም እማዬ።»

መምህር ይትባረክ ደስ ብሎት መጣ። «እናቷ ነዎት? እንኳን ደስ አለዎት! የዓመቱ ሥራ ይሄ ነው።» ከዚያ ሰው ሁሉ እየሰማ ጠየቃት፦ «ሰዎች እየጠየቁኝ ነበር። እንዴት ነው የተቃጠለችው?»

ትዋሻለች ብዬ ጠበቅኩ። እናቴ ዓይኗን ከሥዕሉ አላነሣችም።

«እኔ ነኝ መምህር» አለች። «ከሻ መጣ። የፖሊስ ወረራ። ቀደም ብለው ዕቃዬን ወስደውብኝ ነበር፤ በዚያው ሳምንት ሁለተኛ ማስወሰድ አልችልም ነበር። ምድጃውን በአንድ እጄ፣ እሷን በአንድ እጄ አንሥቼ ሮጥኩ። የፈላው ወተት ከላይ ነበር። ወተቱን መጣል ነበረብኝ። አልጣልኩትም።»

 መምህር ይትባረክ አንገቱን እየነቀነቀ ቆየ። ቀጥሎ ያደረገውን ሌላ ሰው ቢነግረኝ አላምንም ነበር። ከደረት ኪሱ እርሳስ አወጣ፣ ወደ ካርዱ ጎንበስ አለ፤ «የዓይን ማረፊያ» ከሚለው ሥር «በእናት እጅ» ብሎ ጨመረበት። ተመልሶ ቆሞ አየው። «አሁን ክብደት አገኘ» አለ ለራሱ።

እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። በሁለት መዳፌ ሥዕሉን ስጠርገው ነው ራሴን ያገኘሁት። ከሰል ነውና ወዲያው ለቀቀ። ጠባሳው ጭስ ሆነ፣ ከዚያ ግራጫ ደመና ሆነ፤ ወረቀቱ ተቀደደ። የሚይዘኝ ሰው እስኪመጣ ጉንጭ የሚባል ነገር አልቀረም።

መምህር ይትባረክ አልመታኝም፤ አልጮኸም። መሬት ላይ ቁጭ አለና ጭንቅላቱን በእጆቹ ያዘ። «ከበረሃው ወዲህ የሠራሁት ነገር እሱ ብቻ ነበር» አለ፤ አለቀሰም። እውነተኛ ልቅሶ ነበር። ሰዎች ከበቡት። ውሃ አመጡለት፤ ጀርባውን አሻሹት። እኔና እናቴ ቆመን እናያለን። በእናቴ ዙሪያ ማንም አልነበረም።

ኮሚቴው ፈረደ። በማግስቱ በሰልፍ ላይ ተንበርክኬ ይቅርታ ካልጠየቅኩ ከትምህርት ቤቱ እንደምሰናበት ተነገረን።

«አልንበረከክም» አልኳት ማታ።

«ልጄ፣ የዐረቦቹ ትምህርት ቤት ወረቀት ይፈልጋል። ወረቀት የለንም። ወይ እዚያ ነሽ ወይ ከእኔ ጋር ከምድጃው ሥር ነሽ። ከምድጃው ሥር አላደርግሽም።»

«ጥፋተኛው እሱ ነው።»

«አውቃለሁ» አለች። «ተንበርከኪ።»

ተንበረከክኩ። የግቢው ጠጠር ጉልበቴን ሲበላኝ፣ ተማሪው በሰልፍ ቆሞ ሲያይ፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝ መምህር» አልኩ። እሱም ሊያነሣኝ ጎንበስ አለና እጁን አሳረፈብኝ፤ ትከሻዬ ላይ ሳይሆን ጉንጬ ላይ። ግራው ላይ። «ይቅር ብያለሁ» አለ። ድምፁ ውስጥ ክፋት አልነበረም፤ ይቅር ያለኝ በእውነት መስሎት ነበር።

ዝናቡ ሳይገባ ወደ ሊቢያ ሄደ። አንዱ ባሕር በላው ይላል፤ ሌላው ጣሊያን ደርሷል ይላል። አንድ ሰው ደግሞ ትሪፖሊ ውስጥ የሱቅ ስም ሲጽፍ አየሁት አለ። የቱ እውነት እንደሆነ አላጣራሁም።

ከፎቶ ቤቱ በተመለስኩ በሁለተኛው ቀን ሉላ ደወለችልኝ። ጦርነቱ ሲነሣ ካይሮ ገብታ ቀርታለች፤ እዚያ ለተሰደዱ ልጆች ሥዕል ታስተምራለች። እኔ አሁን ሐናና ነኝ፤ በሙሽሮች እጅና እግር ላይ ሂና እሥላለሁ። ስትደውል የአንዲት ሙሽራ እግር ጭኔ ላይ ነበር። ባዶ ቦታ የት እንደምተው፣ ጥቁሩ የት መወፈር እንዳለበት፣ የቀኙ እግር ከግራው እንዴት እንደሚመዛዘን ሳስብ የምሰማው የእሱን ድምፅ ነው። ሌላ አስተማሪ ኖሮኝ አያውቅም።

«የድሮ ተማሪዎች ልንሰባሰብ ነው» አለች ሉላ። «ስለ መምህር ይትባረክ ሁሉም አንድ አንድ ነገር ይላል። አንቺም በድምፅ ላኪልን፣ ኢንሻአላህ። ከርከዴውን ታስታውሺዋለሽ? ዘህራውን? ልጆቼን ዛሬም በዚያው ነው የማስተምራቸው።»

«ያንን ሥዕልስ ታስታውሺዋለሽ?» አልኳት።

«የቱን ሥዕል?»

«በትርኢቱ ቀን የነበረውን። ጠረጴዛ መትተሽ ዐይብ ያልሽውንስ?»

 አሰበች፤ ከልቧ አሰበች። «ወላሂ አላስታውስም ትርንጎዬ» አለች። «እኔ የማስታውሰው አንቺ በጣም ትወጂው እንደነበር ነው።»

 እሷም አልዋሸችም። ስለ ሥዕሉ፣ ስለ መንበርከኩ ልነግራት አፌን ከፍቼ ተውኩት። እነዚያን እኔም በጊዜ ብዛት ለምጃቸዋለሁ፤ እንደ ጠባሳው ሁሉ የእኔ ሆነዋል። ያልለመድኩት ሌላ ነው፤ እሱን ደግሞ ሉላ አላየችውም፤ ማንም አላየውም። እናቴ ከሕፃንነቴ ጀምሮ ስትወጣም ስትገባም የምትስመኝ ግራ ጉንጬን ነበር። ከትርኢቱ ቀን በኋላ፣ ዓይኗን እስክትጨፍን ድረስ፣ የሳመችኝ ቀኙን ብቻ ነው።